ዕድል ወይስ ዓይን?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ የእንግሊዝኛ ክበባችን «ሀድ» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም በአዳራሹ አሳይቶን ነበር። ፊልሙ በ1963 የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እናሳስባለን።) የሠሪዎቹ ስም መጋረጃው ላይ ሲያልፍ ግማሾቻችን ወንበር ስንሻማ፣ ግማሾቻችን በር ላይ ስንጋፋ ነበር። ስለዚህ ማን ምን እንደሠራ ያነበበ የለም ማለት ይቻላል።

ክርክሩ የተነሳው በኋላ መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ፊልሙን ያየ ሁሉ እንደሚያስታውሰው የቴክሳሱ ሽማግሌ ከብቶች በአፍና በእግር በሽታ ተይዘው፣ ጉድጓድ ውስጥ ተነድተው በጥይት ያልቃሉ። የገበሬ ልጆች የሆንን ሁሉ እዚያ ላይ ዝም ብለን ነበር። አዳራሹ ውስጥ ሳል እንኳ አልተሰማም። ከዚያ ወዲያ የሚታየው ያ ሰማይ ነው፤ ባዶ፣ የነጣ፣ ምንም የማይሰጥ ሰማይ። «ያንን ሰማይ እንዲያ ያደረገው ማን ነው?» ሲል አንዱ ጓደኛችን ጠየቀ። «ሰማይን ያደረገው እግዜር ነዋ! ካሜራ ያዡማ ምን አደረገ? አዝራር ተጫነ» አለ ሌላው፤ ተሳቀ። ጠያቂው ግን አልሳቀም። በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የካሜራ ያዡን ስም ይዞልን መጣ። ጄምስ ዎንግ ሃው ይባላል። ቻይና ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ሰው ነው። በዚሁ በ«ሀድ» ሥራው የኦስካር ሽልማት ወስዷል። ከዚያ በፊትም «ዘ ሮዝ ታቱ» ለተባለው የ1955 ፊልም ሌላ ኦስካር ነበረው። በጠቅላላው 10 ጊዜ ለሽልማቱ ታጭቷል።

«እንዴ! ቻይናዊ በዚያን ዘመን ሆሊውድ ምን አደረሰው?» ተባለ። መኝታ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን «ዕድል ነው፤ እኛንም ዕድል እዚህ እንዳደረሰን» ሲል፣ ሁለተኛው ወገን «የጣረ ያገኛል፤ ሌላው ሰበብ ነው» አለ። እኛ ይህን ጽሑፍ የምናቀርብ ሦስት ዕጩ መምህራን በሁለቱም አልተስማማንም። ለምን እንዳልተስማማን ለማስረዳት ያህል የሰውየውን የሥራ ጉዞ ካነበብነው ውስጥ እናቀርባለን።

በቅድሚያ ግን «አዝራር ተጫነ» የሚለው አስተሳሰብ መታረም አለበት። በአንድ ትልቅ ፊልም ላይ የምስሉ ኃላፊ የሆነው ሰው፣ ሲኒማቶግራፈር የሚሉት፣ ብዙውን ጊዜ አዝራሩን ራሱ አይነካም። ዳይሬክተሩ «እዚህ ላይ ሴትዮዋ ባሏ እንደማይመለስ ትረዳለች» ካለ፣ ብርሃኑ በየት በኩል ፊቷ ላይ እንደሚወድቅ፣ ምን ያህሉ በጨለማ እንደሚቀር፣ ካሜራው ቀርቦ ይሁን ርቆ፣ በየትኛው ሌንስ እንደሚነሳ የሚያቅደው እርሱ ነው። ከሥሩ መሰላል አለ። ከታች ፊልሙን ካሜራ ውስጥ የሚያስገባና የትዕይንቱን ቁጥር የሚያሳይ ልጅ ይገኛል። ከፍ ሲል ተዋናዩ ወደፊትና ወደኋላ በተራመደ ቁጥር የሌንሱን ጥራት የሚያስተካክል ረዳት፣ ከዚያም ካሜራውን ይዞ የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ አለ፤ ኃላፊው ከላይ ነው። በዚህ መሰላል ላይ ስንት ሰው ዕድሜውን ፈጅቶ መሐል ላይ እንደሚቀር መገመት አያዳግትም።

ሃው በ1899 በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ተወለደ። የ5 ዓመት ልጅ ሳለ በ1904 ወደ አሜሪካ ተወሰደ። አባቱ ዋሽንግተን በሚባለው ግዛት፣ ፓስኮ በምትባል የባቡር ከተማ ሱቅ ነበራቸው። ልጁ ከመድኃኒት ቤት ትንሽ ርካሽ ካሜራ ገዝቶ ወንድሞቹንና እኅቶቹን ያነሳ ጀመር። ካሜራዋ ማነጣጠሪያ ስላልነበራት ፎቶግራፉ ሲታጠብ የሰዎቹ ጭንቅላት ተቆርጦ ይገኝ ነበር አሉ። አባቱ ከሞቱ በኋላ ወደ አጎቱ ዘንድ ሄደ፤ በቀላል ክብደት ቦክስ ሞከረ። ቀጥሎ አውሮፕላን አብራሪ እሆናለሁ ብሎ ሳን ፍራንሲስኮ ወረደ፤ ገንዘቡ አለቀበት። ሎስ አንጀለስ ሄዶ ለአንድ ፎቶግራፍ አንሺ ተላላኪ ሆነ፤ በሆቴልም ሳህን አነሳ። እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንበል። ከመካከላችን «እኔ መምህርነትን አልመረጥሁም፣ የፈተና ውጤት መረጠልኝ» የሚለው ብዙ ነው፤ እኛም ብለነዋል። ሃውም የመረጠው አብራሪነትን ነበር።

አንድ ቀን መንገድ ላይ ፊልም ሲቀረጽ አየ። ካሜራውን ከያዙት አንዱ የቦክስ ጊዜ ባልንጀራው ሆኖ ተገኘ። በዚያ ምክንያት ወደ ፌመስ ፕሌየርስ ላስኪ ስቱዲዮ ሄዶ ሥራ ጠየቀ፤ ትንሹን ሥራ ሰጡት። ካሜራ የሚቀመጥበትን ክፍል ማጽዳት፣ ዕቃ መሸከም ነበር። በ1917 ሲሲል ደሚል «ዘ ሊትል አሜሪካን» የሚባለውን ፊልም ሲሠራ ሰው አነሰና ሃው ተጠርቶ የትዕይንቱን ቁጥር ያዥ ሆነ። ያ ሥራ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቁጥር ጽፎ ካሜራው ፊት ማቆም ነው። ጓደኞቻችን ልብ በሉ፣ ሰውየው ሆሊውድን የጀመረው እንደ እኛው በሰሌዳ ነው! አጭሩ ልጅ ትልቅ ሲጋር አፉ ውስጥ ወትፎ ሰሌዳ ይዞ ሲቆም ደሚልን አሳቀው። «ይኼ ልጅ ይቆይ» አለና በረዳትነት አስቀረው።

የዕድል ወገኖች «ይኸው! ሲጋሩ ባይኖርስ?» ማለታቸው አይቀርም። እውነት ነው፣ ሲጋሩና ያ የቦክስ ባልንጀራ ዕድል ናቸው። ትልቁ ነገር የመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ እርሱን ረዘም አድርገን ብንናገር ይፈቀድልን።

በዚያ ዘመን የነበረው ጥቁርና ነጭ ፊልም ለሰማያዊ ቀለም ከመጠን በላይ ስስ ነበር። ሰማያዊው ሁሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሰማዩ ይነጣል፤ ዓይነ ሰማያዊ የሆነች ተዋናይትም በመጋረጃ ላይ ዓይኗ የነጣ፣ የዕውር የሚመስል ይሆናል። ሜሪ ማይልስ ሚንተር የምትባል ታዋቂ ተዋናይት ይህ ችግር ነበረባት። ሃው ተጨማሪ ሳንቲም ለማግኘት የተዋንያንን ፎቶግራፍ ያነሳ ነበርና እሷንም አነሳት። ፎቶግራፉ ሲወጣ ዓይኗ ጠቁሯል! ተገረመችና «በፊልምም እንዲህ ልታደርገው ትችላለህ?» አለችው። እችላለሁ አለ። ነገር ግን እንዴት እንደሆነ አያውቅም ነበር።

አሁን አስቡት። ዕድል ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። አንድ ጊዜ በአጋጣሚ የመጣ ሁለተኛ ጊዜ ሲፈለግ አይገኝም፤ ልጁም ውሸታም ተብሎ ወደ መጥረጊያው ይመለስ ነበር። እርሱ ግን ፎቶግራፉን ወዳነሳበት ቦታ ተመለሰ። ተዋናይቷ ቆማ በነበረበት ቆሞ ወዴት ትመለከት እንደነበር አየ። ፊት ለፊቷ ጥቁር ከፋይ ተሰቅሎ ነበር። የከፋዩ ጥቁረት ዓይኗ ላይ አንጸባርቆ ኖሯል ያጠቆረው። ከዚያ በፍሬም ላይ ጥቁር ከፋይ ወጠረ፣ መሐሉን ቀደደ፣ ሌንሱን በቀዳዳው አሾለከ። በ1923 «ድራምስ ኦፍ ፌት» የተባለውን ፊልሟን በዚህ ዘዴ ቀረጸው። ሚንተር የራሷን ካሜራ ያዥ ከቻይና አስመጣች፣ ሰውየው ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚሠራው እየተባለ በከተማው ተወራ ይባላል። ዓይነ ሰማያዊ ተዋንያን ሁሉ ያንን ሰው ማለት ጀመሩ።

የእኛ አስተያየት መነሻው ይህ ነው። ነገሩ በአጋጣሚ መጣ፤ ሰውየው ግን «ከየት መጣ?» ብሎ ተመልሶ ሄደ። ሃው ዕድሜውን ሙሉ የያዘው ጥያቄ ይኸው ነው። በኋላም ትዕይንት ሲያበራ ብርሃኑ ምክንያት እንዲኖረው ይፈልግ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ መስኮት ካለ ከመስኮቱ፣ ኩራዝ ካለ ከኩራዙ። የሌሎቹ ልማድ ኮከቡ እንዲያምር ብቻ ከየአቅጣጫው ብርሃን ማዝነብ ነበር። እርሱ ጨለማን ስለማይፈራ ጨለማ ወዳድ የሚል ትርጉም ያለው ቅጽል ስም አወጡለት።

ይህን ስናነብ ሦስታችንም እርስ በርስ ተያየን። ምክንያቱን መናገር ያሳፍራል፤ ቢሆንም እንናገር። በማስተማር ልምምዳችን ላይ በአንድ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ተመድበን ነበር። በግራ በኩል የሚቀመጡ ልጆች ከሰሌዳው የሚገለብጡት ሁልጊዜ ስህተት ነበረበት። 8ን 3፣ 7ን 1 ይጽፋሉ። ተራ በተራ ስናስተምር ሦስታችንም ተቆጣናቸው፤ በግምገማ ወረቀታችን ላይም «ትኩረት የላቸውም» ብለን ጻፍን። በአምስተኛው ቀን አንዳችን ደብተር ለማረም በዚያ በኩል አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ሰሌዳውን እንደ መስተዋት ታበራዋለች፤ ከዚያ በኩል የሚታየው ነጭ ነጸብራቅ ብቻ ነው! መስኮቱን በማዳበሪያ ከረጢት ጋረድነው፣ አለቀ። የጻፍነውን ግን አላጠፋነውም፤ ወረቀቱ ቀድሞ ሄዶ ነበር። አምስት ቀን ሙሉ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ያላየን ሰዎች ነን እንግዲህ ካሜራ ያዥ ምን ሠራ የምንለው።

ወደ ነገራችን እንመለስ። መሰላሉ ቀጥ ብሎ የሚያወጣ እንዳይመስላችሁ። ሃው ስም ካተረፈ በኋላ በ1920ዎቹ መጨረሻ ገደማ ፊልም ለማንሳት ወደ ቻይና ሄደ። ሲመለስ ሆሊውድ ውስጥ ድምፅ አልባው ፊልም ሞቶ ተናጋሪው ተተክቷል። «ድምፅ ባለው ፊልም ላይ ሠርተህ ታውቃለህ?» ሲሉት አላውቅም ነው መልሱ፤ ስለዚህ ሥራ የለም። ያንን ሁሉ ፊልም የሠራ ሰው እንደ ጀማሪ ደጅ ጠና። የመለሰው በ1931 የሠራው «ትራንስአትላንቲክ» ነው። መርከብ ውስጥ የሚካሄድ ታሪክ ነው፤ ቅርቡም ሩቁም አንድ ላይ ጠርቶ እንዲታይ አድርጎ አነሳው። ከ10 ዓመት በኋላ በ1941 ኦርሰን ዌልስ «ሲትዝን ኬን»ን ሲሠራ ዓለም ያደነቀው አነሳስ የዚሁ ዓይነት ነው። የዚያኛው ካሜራ ኃላፊ ግሬግ ቶላንድ ነበር፤ እርሱም በ15 ዓመቱ የቢሮ ተላላኪ ሆኖ የጀመረ። ዌልስ የራሱን ስም ከቶላንድ ስም ጋር በአንድ ገጽ ላይ አወጣው፤ ይህ በሆሊውድ ያልተለመደ ክብር ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን፣ ወደ «የጣረ ያገኛል» ባዮቹ እንዙር። ቶላንድም ሃውም ከታች ጀመሩ፤ ሁለቱም ጣሩ። ታዲያ መንገዳቸው አንድ ነበር? አልነበረም። በ1882 አሜሪካ ቻይናውያን እንዳይገቡና ዜግነት እንዳያገኙ የሚያግድ ሕግ አውጥታ ነበር። ያ ሕግ የተሻረው በ1943 ነው። ሃው በ5 ዓመቱ ገብቶ 39 ዓመት ሙሉ ዜጋ መሆን አልቻለም። ልብ በሉ፣ በ1942 «ያንኪ ዱድል ዳንዲ» የተባለውን፣ ባንዲራ ከዳር እስከ ዳር የሚውለበለብበትን የአሜሪካ አገር ፍቅር ፊልም የቀረጸው ማን ነው? ሃው ነው! የአገሩን ባንዲራ እንዲያምር አድርጎ የሚያበራ፣ አገሩ ግን «ያንተ አይደለሁም» የምትለው ሰው። በጦርነቱ ጊዜ ጃፓናዊ መስሏቸው እንዳይጎዱት «ቻይናዊ ነኝ» የሚል ምልክት ደረቱ ላይ ያደርግ ነበር። የዚያ ፊልም ዋና ተዋናይ ጄምስ ካግኒ ወዳጁ ነበርና ያንኑ ምልክት እርሱም አደረገ ይባላል። ካግኒን በዚህ ወደድነው።

ትዳሩም እንዲሁ ነው። ሳኖራ ባብ የምትባለውን ነጭ ደራሲ በ1937 ፓሪስ ድረስ ሄዶ አገባ። የካሊፎርኒያ ሕግ ዘር ለዘር መጋባትን ይከለክል ስለነበር አገራቸው ሲመለሱ ጋብቻው አልታወቀላቸውም። ከስቱዲዮ ጋር በተዋዋለው ውል ምክንያትም ሚስቴ ናት ብሎ በአደባባይ ሊናገር አይችልም ነበር። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ለየብቻ ቤት ይዘው ኖሩ። ሕጉን የካሊፎርኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የጣለው በ1948 ነው። በዚያን ጊዜ ሃው የ49 ዓመት ሰው፣ 5 ጊዜ ለኦስካር የታጨ ነበር። ታዲያ ጥረቱ ያንን ሕግ ሻረው? አልሻረውም። ሕግን የሚሽር ሌላ ዓይነት ሥራ ነው፤ ከካሜራ ጀርባ የሚሠራ አይደለም። «ጣር፣ ታገኛለህ» ብሎ ለልጆች መንገር ቀላል ነው፤ በሩ ለአንዱ ተከፍቶ ለሌላው ተቆልፎ ሳለ እንዲያ ማለት ግን በግራ በኩል የተቀመጡትን ልጆች «ትኩረት የላቸውም» እንዳልነው ነው።

ሴት እኅቶቻችን ይህንን ረቂቅ ሲያነቡ «የሴቶቹስ?» ብለው ጠይቀውናል። ትክክል ናቸው፤ እኛ አላሰብነውም ነበር። የአሜሪካ ሲኒማቶግራፈሮች ማኅበር በ1919 ተመሠረተ፤ የመጀመሪያዋን ሴት አባል፣ ብሪያን መርፊን፣ የተቀበለው በ1980 ነው። ለኦስካር በዚህ ሙያ የታጨችው የመጀመሪያዋ ሴት ሬቸል ሞሪሰን ስትሆን ያም በ2018 ነው። ሽልማቱ ከተጀመረ 89 ዓመት ሆኖት ነበር። በነዚያ ዓመታት ውስጥ ጎበዝ ሴት አልተወለደችም የሚል ካለ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይጻፍልን።

ስለ ሃው በኋላ ዘመን ብዙ ማለት ይቻላል፤ ደስ ያለንን ብቻ እንጥቀስ። በ1947 «ቦዲ ኤንድ ሶል» የሚባል የቦክስ ፊልም ሠራ። ካሜራ በሦስት እግር ቆሞ ቡጢ አይከተልም አለና ባለ ጎማ ጫማ አድርጎ፣ ካሜራውን በእጁ ይዞ፣ ሰው ከኋላ እየገፋው ገመዱ ውስጥ ገባ። የልጅነት ቦክሱ በከንቱ አልቀረም ማለት ነው። እንዲሁም የቻይና ምግብ ቤት ከፍቶ ነበር። አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ምግብ ቤቱን ሊያነሳ መጥቶ ሲቸገር ሃው ስለ ሌንሱ ጥቂት ምክር ሰጠው። ሰውየውም «ፎቶውን ለኔ ተውልኝ፣ አንተ ወጥህን ሥራ» ያለ መልስ ሰጠው እየተባለ ይነገራል። ማን እንደሆነ የነገረው ይኖር ይሆን?

በ1960ዎቹ በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነ። ከተማሪዎቹ አንዱ ዲን ከንዲ ሲሆን፣ በ1993 «ጁራሲክ ፓርክ»ን የቀረጸው እርሱ ነው። ያንን ፊልም ከመካከላችን ያላየ ጥቂት ነው። ካሜራ ክፍል የጠረገው ልጅ ያወቀውን በክፍል ውስጥ ቆሞ አስተላለፈ፤ ከንዲም ተቀበለው። እነሆ መምህርነት እንዲህም ይመጣል።

ሃው ከሥራ ካረፈ በኋላ «ፈኒ ሌዲ» ለሚባል የ1975 ፊልም በሌላ ሰው ምትክ ተጠርቶ ሄደ። ቀረጻው ላይ ታሞ ወደቀ፣ ሆስፒታል ገባ፣ እስኪሻለው የሙያ ባልደረባው ሸፈነለት። በዚያም ፊልም ለ10ኛ ጊዜ ታጨ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1976 አረፈ።

ከክበቡ ሊቀ መንበር ጋር ተነጋግረናል። በመጪው ቅዳሜ የሚታየው «ቦዲ ኤንድ ሶል» ነው። የአዳራሹ በር ልክ በ1 ሰዓት ተዘግቶ መብራት ይጠፋል፤ ስሞቹ ካለፉ በኋላ የሚመጣ አይገባም። የዕድል ወገኖችም የጥረት ወገኖችም ወንበር አስቀድማችሁ ያዙ።